ሞን ሳን ሚሼል፦ ከጉብኝት በፊት የባሕሩን ሰዓት ማወቅ

በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ በአለት ላይ የተቆረቆረችውን የመካከለኛው ዘመን ከተማ ሞን ሳን ሚሼልን የሚጎበኝ ሰው፣ አስቀድሞ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ማጣራት ይኖርበታል። የውኃው ከፍታ ልዩነት እስከ 14 ሜትር ይደርሳል፤ አሸዋውም እግር ይውጣል። ስለዚህ ባሕረ ሰላጤውን በእግር መሻገር የሚገባው ከአካባቢው መንገድ መሪ ጋር ብቻ ነው።

ከዚያም በግንቡ አጥር ላይ ተዘዋውሮ፣ ጠባቡን ጎዳና ወጥቶ፣ ከአናት ያለውን ጥንታዊ ገዳም ማየት ይቻላል። በዳርቻው፣ የባሕር ውኃ አልፎ አልፎ በሚያጥለቀልቀው ጨዋማ ግጦሽ ላይ፣ በጎች ይሰማራሉ፤ ሥጋቸው በጣዕሙ የታወቀ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 የተጠናቀቀው የድልድል መንገድ የውኃውን ፍሰት በማገዱ ደለል እንዲከማች አስተዋጽኦ አድርጓል። በ2014 ውኃ ከሥሩ በሚያሳልፍ ድልድይ ተተክቷል። ጎብኚዎች ዛሬ በዚሁ ድልድይ በእግር ይሻገራሉ።