የዱቄት ከረጢት ጀርባ ምን ይላል?

አንድ ጆንያ የጤፍ ዱቄት ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግማሹ ጀርመን ፍራንክፈርት ለገበያ ቀረበ እንበል። በአሜሪካው ከረጢት ላይ የተጻፈው የካርቦሃይድሬት መጠን ወደ 100 ግራም ሲሰላ 73 ግራም ይሆናል። የጀርመኑ 65 ይላል። ዱቄቱ አንድ ነው፣ ያጭበረበረም የለም። ልዩነቱ የመጣው ሁለቱ አገሮች «ካርቦሃይድሬት» ብለው የሚቆጥሩት ነገር አንድ ባለመሆኑ ነው።

የደም ስኳሩን ለመቆጣጠር ወይም ክብደት ለመቀነስ ብሎ ዱቄት የሚቀይር ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የከረጢቱ ፊት ላይ ነው። «ኪቶ» (ካርቦሃይድሬትን በእጅጉ የሚቀንስ አመጋገብ)፣ «ግሉተን የሌለው»፣ «ስኳር ያልተጨመረበት» የሚሉት ጽሑፎች ያሉት እዚያ ነው። የሚፈልገው መልስ ያለው ግን ጀርባው ላይ ነው። እሱም ቢሆን ምን ምን እንደተቆጠረና በስንት ግራም እንደተሰላ ካልታወቀ ያሳስታል።

የቀረው ሁሉ ካርቦሃይድሬት

በአሜሪካ ከረጢቶች ላይ የሚታየው የካርቦሃይድሬት ቁጥር እንዲሁ በቀጥታ ተለክቶ የተገኘ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ባለሙያዎች መጀመሪያ ዱቄቱን አድርቀው የውሃውን መጠን ያውቃሉ። ቀጥለው ናይትሮጅኑን ለክተው ፕሮቲኑን ያሰላሉ፤ ለዚህ ሥራ ለረጅም ዘመን ያገለገለውን ዘዴ ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ዮሃን ኬልዳል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1883። ቅባቱን በማሟሟት ለይተው ያወጡታል። በመጨረሻም ናሙናውን አቃጥለው የሚቀረውን አመድ ይመዝናሉ፤ አመዱ የማዕድናቱ መጠን ነው። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ ውሃው 8.8፣ ፕሮቲኑ 13.3፣ ቅባቱ 2.4፣ አመዱም 2.4 ግራም ገደማ ነው። ሲደመር 27 ግራም ይጠጋል። ከመቶው የቀረው 73 ግራም በሙሉ ካርቦሃይድሬት ተብሎ ይመዘገባል።

የካሎሪው ቁጥርም የሚወጣው ከዚሁ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባደረጋቸው ጥናቶች መነሻነት ለአንድ ግራም ፕሮቲንም ሆነ ካርቦሃይድሬት 4፣ ለአንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይታሰባል። የጤፉን ቁጥሮች በዚህ ሲያባዙና ሲደምሩ 367 ካሎሪ ይመጣል።

በዚያ 73 ግራም ውስጥ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል፤ ስታርች፣ ስኳርና ፋይበር፣ በአገራችን ባለሙያዎች አነጋገር አሰር። ስታርች ረጅም የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። በምራቅና በቆሽት ፈሳሽ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም መበጣጠስ ይጀምረዋል፣ ትንሹ አንጀት ይጨርሰዋል፣ ግሉኮሱም ወደ ደም ይገባል። ፋይበርም በአብዛኛው ከስኳር የተሠራ ሰንሰለት ነው፤ ነገር ግን ስኳሮቹ የተያያዙበትን መንገድ የሰው ኢንዛይም ሊፈታው አይችልም። ስለዚህ ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ከፊሉን ያብላሉታል፤ ሰውነትም ከዚህ ጥቂት ጉልበት ያገኛል፣ የደም ስኳር ግን በዚህ አይወጣም።

የአሜሪካና የአውሮፓ ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ፋይበሩን በጠቅላላው ካርቦሃይድሬት ውስጥ አካትታ ከሥሩ ደግሞ ለብቻው ትጽፈዋለች። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1169/2011 ግን ካርቦሃይድሬት የሚለው ሰውነት የሚጠቀምበትን ብቻ ነው፤ ፋይበሩ አስቀድሞ ወጥቷል። ጤፍ በ100 ግራም 8 ግራም ያህል ፋይበር ስላለው 73ቱ 65 የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ለፋይበር የሚታሰበው ካሎሪም በግራም 2 ስለሆነ በአውሮፓው ስሌት ካሎሪው ወደ 351 ዝቅ ይላል።

ከአሜሪካ ድረ ገጾችና ቪዲዮዎች «ከካርቦሃይድሬቱ ላይ ፋይበሩን ቀንስ» የሚለውን ምክር የሰማ የፍራንክፈርት ወይም የስቶክሆልም ነዋሪ ከ65 ላይ እንደገና 8 ቀንሶ 57 ቢል አንዱን ነገር ሁለቴ ቀነሰ ማለት ነው። በአውሮፓ ሕግ ፋይበርን መጻፍ ግዴታም አይደለም። ተጽፎ ካልተገኘ ለካርቦሃይድሬቱ ስሌት የሚጎድል የለም፤ ቁጥሩ የተጣራ ነው።

ከየት ተነስቶ ይነበብ?

በአሜሪካ ከረጢት ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከላይ የተጻፈው የአንድ ጊዜ መጠን ነው። የስንዴ ዱቄት በአብዛኛው በ30 ግራም፣ የአልሞንድ በ28፣ የኮኮናት በ15 ግራም አካባቢ ይሰላል። ስለዚህ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር ምንም አይነግርም። ካርቦሃይድሬቱን በአንድ ጊዜው መጠን ግራም አካፍሎ በ100 ማባዛት ያስፈልጋል። 30 ግራም ዱቄት 23 ግራም ካርቦሃይድሬት ካለው በመቶ ግራም 77 ገደማ ይሆናል። አውሮፓ ውስጥ በ100 ግራም አስልቶ መጻፍ ግዴታ ስለሆነ ይህ ድካም የለም።

የአንድ ጊዜው መጠን ሲያንስ ሌላም ነገር ይደበቃል። በአሜሪካ ደንብ ከግማሽ ግራም በታች የሆነ ካርቦሃይድሬት 0 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። አንድ ማንኪያ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ችግር የለውም፤ ሃያ ማንኪያ አቡክቶ ለሚጋግር ግን ዜሮዎቹ ተደምረው ዜሮ አይሆኑም።

የስኳር መስመርም ዱቄት ላይ እምብዛም አይጠቅምም። ነጭ የስንዴ ዱቄት ስኳሩ በ100 ግራም ከአንድ ግራም በታች ነው፤ ስታርቹ ግን አንጀት ውስጥ ሲደርስ ግሉኮስ ይሆናል። እስራኤል ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ሶዲየምና ጠጣር ቅባት የበዛባቸው የታሸጉ ምግቦች ላይ ቀይ ምልክት እንዲደረግ አዛለች። ምልክቱ ለብስኩትና ለለስላሳ መጠጥ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስታርችን ግን አይመለከትም። ቀይ ምልክት የሌለው ነጭ ዱቄት ለስኳር ሕመምተኛ ተስማሚ ነው ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ይነበብ። በአሜሪካም በአውሮፓም ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ የበዛው ይቀድማል። ፊቱ ላይ «የጤፍ እንጀራ» ብሎ ዝርዝሩ በስንዴ ወይም በሩዝ ዱቄት ከጀመረ፣ ጤፉ ዋናው እህል አይደለም።

«ኪቶ» የተባሉ ዳቦዎችና ብስኩቶች ላይ የሚታየው «የተጣራ ካርቦሃይድሬት» የሚለው ቁጥር ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ትርጉም ያልሰጠው፣ አምራቹ ራሱ የሚያሰላው ነው። ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ላይ ፋይበሩና የስኳር አልኮሎቹ ይቀነሳሉ። በስኳር ፈንታ ለማጣፈጫ የሚገቡት የስኳር አልኮሎች ግን እኩል አይደሉም። ኤሪትሪቶል የደም ስኳርን የሚያንቀሳቅሰው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ማልቲቶል ግን ከፊሉ ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ማልቲቶልን ሙሉ በሙሉ ቀንሶ የተገኘ ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ነው።

ዱቄቶቹ በተራ

አሁን በአሜሪካው አቆጣጠር፣ በ100 ግራም፣ ዋናዎቹን እንይ። ነጭ የስንዴ ዱቄት ካርቦሃይድሬቱ 76 ግራም ገደማ ሲሆን ፋይበሩ 3 ግራም አይሞላም። ሙሉ የስንዴ ዱቄት 72 እና 11 ነው። ጤፍ 73 እና 8። ፋይበሩ ሲቀነስ ነጭ ዱቄት 73፣ ጤፍ 65፣ ሙሉ ስንዴ 61 ግራም ይቀራቸዋል። ብዙዎቻችንን ቅር የሚያሰኘው እውነት ይህ ነው፦ ጤፍ በብረት ማዕድኑ፣ በፕሮቲኑና ግሉተን የሌለው በመሆኑ የሚመሰገን እህል ነው፣ ካርቦሃይድሬቱ ዝቅተኛ የሆነ እህል ግን አይደለም። ግሉተን አለመኖሩም ከስታርች መጠን ጋር አይገናኝም፤ የሩዝና የካሳቫ ዱቄት ግሉተን የላቸውም፣ ስታርቻቸው ግን ከስንዴም ይበልጣል።

ወደ ጥራጥሬ ስንሻገር ቁጥሩ መውረድ ይጀምራል። የሽምብራ ዱቄት 58 ግራም ካርቦሃይድሬትና 11 ግራም ፋይበር አለው፤ የሚቀረው 47 ነው። ፕሮቲኑ ደግሞ 22 ግራም ይደርሳል። በጾም የሽምብራ አሳ የሚሠራ ቤት ይህን ዱቄት ለዘመናት ያውቀዋል። የአኩሪ አተር ዱቄት ከዚህም ያነሰ ነው።

ከሁሉ ዝቅ የሚሉት ቅባት ያላቸው ፍሬዎች ናቸው። አልሞንድ 21 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 12 ግራም ያህል ፋይበር አለው። የተፈጨ ተልባ 29 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢጻፍበትም 27ቱ ፋይበር ነው። ሆኖም የካርቦሃይድሬቱን ቦታ የያዘው በአብዛኛው ቅባት ነው፤ 100 ግራም አልሞንድ 580 ካሎሪ ገደማ ሲሆን ነጭ ዱቄት 364 ነው። የደም ስኳር ለሚከታተል ሰው ይህ ልውውጥ ሊጠቅም ይችላል፤ ክብደት ለመቀነስ ብቻ ለቀየረ ግን የሰሃኑ መጠን ካልተቀነሰ ውጤቱ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። የኮኮናት ዱቄት ወደ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ስለሚጻፍበት ሲታይ ያስደነግጣል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን ፋይበር ነው፣ ፈሳሽም በጣም ስለሚመጥ አንድ ሊጥ ውስጥ የሚገባው ከስንዴው ሩብ ያህል ብቻ ነው።

ስለ ግብጦ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በጎጃምና በአዊ የሚበቅለው ግብጦ ከክብደቱ ሲሶ በላይ ፕሮቲን ነው፤ ስታርቹ እጅግ ጥቂት ነው። በአውሮፓና በአውስትራሊያ መራራነቱ የተቀነሰ ዝርያ እየተፈጨ ለዳቦ ይውላል። የአገራችን ግብጦ ግን መራራነቱ አልካሎይድ ከተባሉ መርዛማ ውሕዶች የመጣ ነው። እናቶች ቆልተው ወይም ቀቅለው ለቀናት ውሃ እየቀያየሩ የሚዘፈዝፉት ለዚህ ነው። ሳይዘፈዘፍ አስፈጭቶ ዱቄት ማድረግ አደገኛ ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ደግሞ ግብጦም ላይስማማው ይችላል፤ አውሮፓ ግብጦን በከረጢት ላይ የግድ መጠቀስ ካለባቸው 14 አለርጂ አምጪዎች አንዱ ያደረገችው በዚህ የተነሳ ነው።

ሊጡ ምን ይላል?

ቁጥሩ ያማረ ዱቄት ሁሉ ዳቦ አይሆንም። የስንዴ ዳቦ የሚነፋው ግሉተን ጋዙን ይዞ ስለሚለጠጥ ነው። አልሞንድና ኮኮናት ይህ የላቸውም፣ ስለዚህ እንቁላል ወይም የሲሊየም ገለፈት ይጨመርባቸዋል። የተፈጨ ተልባ ውሃ ሲነካው የሚሰጠው ሙጫም ሊጥ ያያይዛል። እንጀራን ሙሉ በሙሉ በአልሞንድ መተካት አይቻልም፤ እርሾው የሚሠራበትና ዓይን የሚያወጣለት ስታርቹ ነው። ቀለል ያለው መንገድ ቂጣውን ወይም ድፎውን ከሽምብራና ከተልባ ጋር ማደባለቅ፣ እንጀራውን ደግሞ እንደነበረ ትቶ መጠኑን መቀነስ ነው።

ወፍጮ ቤት የተፈጨ ዱቄት የሚነበብ ጀርባ የለውም። ቢሆንም ስሌቱ አይከብድም። ከአንድ ኪሎ ጤፍ አሥር እንጀራ ከወጣ እያንዳንዱ 100 ግራም ዱቄት ይዟል፤ በግምት 73 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ፋይበሩ ሲወጣ 65። እርሾው ሲቦካ ጥቂቱን ይበላዋል፣ ግን ስሌቱን የሚለውጥ ያህል አይደለም። ሽሮው ሽምብራ ከሆነ እሱም ይደመራል።

ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬቱን ድንገት ቢቀንስ፣ መድኃኒቱ ባለበት መጠን ከቀጠለ የደም ስኳሩ አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ዱቄቱ ከመቀየሩ በፊት ሐኪም ይማከር። ሐኪሙም «እንጀራ ቀንሻለሁ» ከሚል ታካሚ ይልቅ «በአንድ ማዕድ 130 ግራም የነበረውን 65 አድርጌዋለሁ» ለሚል ታካሚ መድኃኒቱን በትክክል ማስተካከል ይቀለዋል።