ከመርሐ ግብሩ ውጪ

እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ ቦታው ፖርቶ ሪኮ፣ ሳን ሁዋን። ካናዳዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ዢል ብራሳር ለሙያ ስብሰባ መጥቶ፣ ባገኘው ክፍት ሰዓት ባሕር ውስጥ ገብቶ ይዋኛል። አንድ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ሰው እየዋኘ ተጠጋውና ሰው አስመስሎ ሊያትመው ስለማይችል የገንዘብ ኖት ያወራው ጀመር። ብራሳር ከዓመታት በኋላ በጻፈው ትዝታ፣ በሙያ ዘመኑ እንደዚያ ያለ ጉድ ገጥሞት እንደማያውቅ ተናግሯል።

ሰውዬው ቻርልስ ቤኔት ይባላል፤ የአይቢኤም ተመራማሪ ነው። ሐሳቡ ግን የእሱ አልነበረም። የኮሌጅ ጓደኛው ስቲቨን ዊዝነር በ1960ዎቹ መገባደጃ አስቦት፣ ጽፎ ወደ መጽሔት ቢልከው ተመልሶበት፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ነበር። ለኅትመት የበቃው በ1983 ነው።

የዊዝነር ኖት እንደማንኛውም ኖት ተከታታይ ቁጥር አለው። ከቁጥሩ ጎን ግን ጥቂት የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ፎቶኖች፣ ታስረውበታል። ፎቶን የሚርገበገብበት አቅጣጫ አለው፦ ሽቅብ፣ አግድም ወይም ሰያፍ። የትኛው ፎቶን በየትኛው አቅጣጫ እንደተቀመጠ የሚያውቀው ባንኩ ብቻ ነው። አጭበርባሪው ኖቱን ለመቅዳት መጀመሪያ መለካት አለበት። ሽቅብ የተቀመጠውን በሰያፍ መለኪያ ከለካው ግን የሚያገኘው መልስ እንደ ዕጣ ነው፤ ይባስ ብሎ ፎቶኑ የነበረበት ሁኔታ ራሱ ይጠፋል። እርጥብ ጭቃ ላይ የተጻፈን ፊደል በጣት ዳብሶ እንደማንበብ ነው፤ አነበብኩ ሲሉ ይፈርሳል።

እንዲህ ያለ ኖት ዛሬም ኪሳችን አልገባም፤ ፎቶንን አስሮ ማቆየት ቀላል ነገር አይደለምና። ቤኔትና ብራሳር ግን ነገሩን ገለበጡት። ፎቶን ማስቀመጥ ካስቸገረ ለምን አንልከውም አሉ። ሁለት ሰዎች ፎቶን እየተላላኩ የምስጢር ቁልፍ ቢያዘጋጁ፣ መሐል ገብቶ የሚሰልል ሁሉ በመለካቱ ብቻ ዱካውን ይተዋል። ብራሳር በ1984 በፈለገው ርዕስ እንዲናገር ሕንድ፣ ባንጋሎር ላይ ለሚደረግ ስብሰባ ሲጋበዝ ይህንኑ ይዞ ሄደ። ዛሬ ቢቢ84 እየተባለ የሚጠራው አምስት ገጽ ጽሑፍ የወጣው በዚያ ስብሰባ ጥራዝ ውስጥ ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ ይህን ሐሳብ የሚፈጽም መሣሪያ አይቢኤም ውስጥ ተሠራ፤ ፎቶኖቹ የተጓዙት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መሣሪያው አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር ድምፁም ይለወጥ ስለነበር፣ ምስጢሩ የተጠበቀው ሰላዩ ደንቆሮ ከሆነ ብቻ ነው እያሉ ሠሪዎቹ ራሳቸው ይቀልዱበት ነበር።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት፣ እንደ ፎቶን ያሉ ቅንጣቶች የሚገዙበትን የኳንተም ሕግ መሠረት ያደረገውን የኳንተም መረጃ ሳይንስ ጉባኤ የሚባለውን ነገር ከአዳራሹ በር ጀምሮ ማስተዋወቅ ስላልፈለግሁ ነው። በቅኔ ቤት ትንሿ የቅኔ ዓይነት «ጉባኤ ቃና» ትባላለች፤ ስሟን ያገኘችው ከቃና ሠርግ ነው። በዚያ ሠርግ ስለ ሙሽሮቹ የሚያስታውስ የለም፤ ሰው የሚያወራው ወይኑ ካለቀ በኋላ ስለሆነው ነው። የዚህ ሳይንስ ስብሰባዎችም እንደዚያው ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ሳይንሱ የፊዚክስ ሰዎችንና የኮምፒውተር ሰዎችን ይፈልጋል፤ ሁለቱ ደግሞ ሲሠሩ የሚውሉት በተለያየ ሕንፃ፣ የሚያነቡትም የተለያየ መጽሔት ነው። አንድ ጣሪያ ሥር የሚያውላቸው ስብሰባ ነው።

ሆን ተብሎ እንዲገናኙ የተደረገበትን ስብሰባ ካነሣን ግንቦት 1981ን እንጠቅሳለን። ከቦስተን ወጣ ብላ በምትገኘው ዴድሃም፣ ኢንዲኮት ሃውስ በተባለ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ ኤምአይቲና አይቢኤም የስሌትን ፊዚክስ የሚመለከት ስብሰባ ጠሩ። በ1941 ዜድ3 የተባለውን ኮምፒውተር የሠራው ጀርመናዊው ኮንራድ ዙዘ መጣ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ጆን ዊለርና ፍሪማን ዳይሰን መጡ። መረጃ መደምሰስ የግድ ሙቀት እንደሚያወጣ በ1961 ያሳየው ሮልፍ ላንዳወርም ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚወሳው ግን የፊዚክስ ሊቁ የሪቻርድ ፋይንማን ንግግር ነው። ጥያቄው ለመስማት ቀላል ነው፦ ተፈጥሮን በኮምፒውተር አስመስለን ማስላት እንችላለን? ሁለት ሁኔታ ብቻ ያላቸው 300 ቅንጣቶች ቢኖሩን፣ ያሉበትን የኳንተም ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ለመግለጽ 2 ራሱን 300 ጊዜ የማባዛት ያህል ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ይህ በሚታየው ጠፈር ውስጥ አሉ ተብለው ከሚገመቱት አቶሞች ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ በኳንተም ሕግ የሚሠራ ይሁን አለ ፋይንማን። የተሰብሳቢዎቹ የቡድን ፎቶግራፍ ዛሬም በየመጽሐፉ ይወጣል። ባሕር ውስጥ ያገኘነው ቤኔት ግን የለበትም፤ ካሜራውን የያዘው እሱ ነበር።

ሐሳቡ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ በጥቂት ሰዎች እጅ ቆየ። በ1994 የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር የኳንተም ኮምፒውተር ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ አካፋዮቻቸው በፍጥነት መበተን እንደሚችል አሳየ፤ የባንክና የኢንተርኔት ምስጢር የተመሠረተው ደግሞ ያ ሥራ ከባድ በመሆኑ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት ኮሎራዶ፣ ቦልደር ላይ የአቶም ፊዚክስ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ የፊዚክስ ሊቁ አርቱር ኤከርት የሾርን ግኝት አስረዳቸው። ኢግናሲዮ ሲራክና ፒተር ዞለር አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ለኮምፒውተር ሰዎች እንቆቅልሽ የነበረው ማሽን፣ አንድን አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሞላ አቶም፣ በኤሌክትሪክ መስክ አንጠልጥሎ በሌዘር መንካት ለለመዱት ለእነሱ ሊሠራ የሚችል ዕቃ ሆኖ ታያቸው። በ1995 ንድፉን አሳተሙ። እዚያው ቦልደር ባለው የአሜሪካ የመለኪያዎች ተቋም ላብራቶሪ፣ ክሪስ ሞንሮና ዴቪድ ዋይንላንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር የመጀመሪያውን መሠረታዊ ስሌት በዚያው ዓመት በአዮን ሠርተው አሳዩ።

ዛሬ የመስኩ ንድፈ ሐሳብ ሰዎች ዋና ጉባኤ ኪውአይፒ ይባላል፤ የኳንተም ኢንፎርሜሽን ፕሮሰሲንግ ምህጻር ነው። በ1998 ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ላይ ተጀምሮ በየዓመቱ ከአገር አገር ይዞራል። አሠራሩ ይገርመኛል። ንግግር ለማቅረብ የሚያመለክት ብዙ ነው፣ የሚያልፈው ጥቂት፤ ያለፈውም በጉባኤው ስም የሚታተም ጥራዝ አያገኝም። ያን ሁሉ ወንፊት የሚያልፈው ለመደመጥ ብቻ ነው። አንድ ምሽት ደግሞ ለቀልድና ላልበሰለ ሐሳብ ይተዋል፤ መጠጥ ተይዞ፣ ለተናጋሪው ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ ቀን ላይ መድረክ የማይደፍረው ነገር ይነገራል። በወረርሽኙ ጊዜ፣ በ2021፣ የሙኒክ ተራ ሆኖ ጉባኤው በስክሪን ተካሄደ። ንግግሮቹ አልጎደሉም፤ የጎደለው የቡና ሰልፉ ነው።

ኪውአይፒ እስከ 2025 ድረስ ዴልሂን፣ ሲንጋፖርን፣ ቤጂንግን፣ ሲድኒን፣ ታይፔን አዳርሷል፤ አፍሪካን አልረገጠም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ 2025 የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ይሁን ብሎ ሲወስን ግን የውሳኔ ሐሳቡን ያቀረበችው ጋና ነበረች።