የብር ዶላር ዋጋ ከምን ይመነጫል?

የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት ስለ ዕድሜው ብዙ አይነግረንም፤ ንግሥቲቱ ካረፉ በኋላ የታተመው ሁሉ 1780 ይላልና። የአሜሪካ የብር ዶላር ግን ሌላ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ዓመትና ጀርባው ላይ ያለች አንዲት ፊደል ዋጋውን በብዙ እጥፍ ሊለውጡት ይችላሉ። በዚህ ምዕራፍ ብዙ ሰብሳቢዎች የሚጀምሩበትን የሞርጋን ዶላር ይዘን፣ አሮጌ የብር ሳንቲም እንዴት እንደሚገመት እናያለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስንት ታተመ ሳይሆን ስንት ተረፈ

የኔቫዳ ማዕድን ማውጫዎች ብር በገፍ በሚያወጡበት ዘመን፣ በ1878፣ የአሜሪካ ኮንግረስ የብላንድ-አሊሰንን ሕግ አወጣ። ሕጉ ግምጃ ቤቱ በየወሩ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ብር እየገዛ ዶላር እንዲያትምበት ያስገድድ ነበር። ምስሉን የቀረጸው ከእንግሊዝ የመጣው ጆርጅ ሞርጋን ነው። ሳንቲሙ እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 እንደገና ታተመ። ብዙ ሰው ግን ከባዱን ብር ተሸክሞ ከመዞር የወረቀት ገንዘብ ይመርጥ ስለነበር፣ አብዛኛው በከረጢት ታስሮ ካዝና ውስጥ ቀረ። በ1918ቱ የፒትማን ሕግ መሠረት ደግሞ ከ270 ሚሊዮን የሚበልጥ የብር ዶላር ቀለጠ። ከየትኛው ዓመት ስንት እንደቀለጠ የመዘገበ የለም።

ውጤቱን በአንድ ሳንቲም ላይ እንየው። በ1903 ኒው ኦርሊንስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ዶላር አትማ ነበር። ሆኖም ገበያ ላይ ስለጠፋ፣ እጅ ያልነካው ከሺህ ዶላር በላይ ይገመት ነበር። በ1962 መገባደጃ ግምጃ ቤቱ የታሸጉ ከረጢቶችን ሲያወጣ ያ “ብርቅ” ሳንቲም በብዛት ተገኘ፤ ዋጋውም ወዲያው አሽቆለቆለ።

ፊደሏን ፈልጉ

ሳንቲሙን ገልብጡት። ከንስሩ ሥር የቅጠል ጉንጉን አለ፤ ፊደሏ ከጉንጉኑ ቋጠሮ በታች ትገኛለች። “ኤስ” ሳን ፍራንሲስኮ፣ “ኦ” ኒው ኦርሊንስ፣ “ሲሲ” ካርሰን ሲቲ፣ “ዲ” (በ1921 ብቻ) ዴንቨር ማለት ነው። ምንም ፊደል ከሌለ ፊላደልፊያ ነው። በ1893 ሳን ፍራንሲስኮ ያተመችው 100,000 ብቻ በመሆኑ ያረጀውም እንኳ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። በ1921 ፊላደልፊያ ያተመችው ግን ከ44 ሚሊዮን ስለሚበልጥ በየሱቁ ይገኛል።

የብሩ ዋጋ ወለሉ ነው

ሳንቲሙ 26.73 ግራም ይመዝናል፤ 90 በመቶው ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። ስለዚህ 24 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለው። የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ በ24 ብታባዙ፣ ያለቀ የሚመስል ተራ ሳንቲም እንኳ ከዚያ እምብዛም የማይወርድበትን ዋጋ ታገኛላችሁ። የዓለም ገበያ ዋጋ በትሮይ ኦንስ ከተነገራችሁ መጀመሪያ ለ31.1 አካፍሉት።

ይዞታው

ሰብሳቢዎች የሳንቲም ይዞታን ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ይመዝናሉ፤ 60ና ከዚያ በላይ ለግብይት ያልዋለ ማለት ነው። አስቀድሞ የሚያልቀው ፊቱ ላይ ከተቀረጸችው ሴት ጆሮ በላይ ያለው ጸጉርና ጀርባው ላይ ያለው የንስሩ ደረት ነው። ጉንጯም በደንብ ይታይ፦ ከረጢት ውስጥ ሳንቲም ከሳንቲም ሲጋጭ የቀረው ጭረት እዚያ ላይ ጎልቶ ይወጣል። መብራት ሥር ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። ያልተነካ ከሆነ የብርሃን ጨረር በፊቱ ላይ ይዞራል፤ የተወለወለ ከሆነ ግን በአንድነት ያብረቀርቃል እንጂ ጨረሩ አይዞርም። በሎሚም ሆነ በጥርስ ሳሙና የታሸ ሳንቲም ለዓይን ቢያምርም ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል፤ የተገፈፈው ገጽም አይመለስም። ስለዚህ አታጽዱት፤ ስትይዙትም በጠርዙ ያዙት።

ፎርጅዱን መለየት

የወርቅ ቤት ሚዛን፣ ማግኔትና አጉሊ መነጽር ለጅማሬ ይበቃሉ። ክብደቱ ከ26.73 ግራም በግልጽ ከራቀ፣ ወርዱ 38.1 ሚሊ ሜትር ካልሆነ ወይም ማግኔት ከሳበው ተዉት። ከባዱ ፈተና እውነተኛ ሳንቲም ላይ የሐሰት ፊደል ሲለጠፍ ነው፤ የ1893ቱ የፊላደልፊያ ዶላር “ኤስ” ተጨምሮለት ይሸጣል። ሚዛንም ማግኔትም ይህን አይደርሱበትም፤ በፊደሏ ዙሪያ የተሰነጠቀ መስመር ወይም የቀለም ልዩነት መኖሩን በመነጽር ማየት ያስፈልጋል።

እንዲህ ላለው ጉዳይ እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ያሉ ድርጅቶች እውነተኛነቱን መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጉታል። አገልግሎቱ ግን በነጻ አይደለም። ላረጀ የ1921 ዶላር የምርመራው ክፍያ ከሳንቲሙ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል በብሩ ዋጋ አስልቶ ማስቀመጥ ይሻላል። ዓመቱና ፊደሉ ጥቂት ከተረፉት ወገን መሆኑን ካሳዩ ግን፣ ሳይመረመር መግዛትም ሆነ መሸጥ ትልቅ ኪሳራ ሊያስከትል ይችላል።