ልጅ አዝለው ወደ ላሊበላ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከሰቆጣ ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስከተማ ጥቂት አለፍ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያደሩት መንገደኞች ለጉዞ ተነሡ። የዋግን ደጋ የታኅሣሥ ውርጭ ያልቀመሰው ሰው አይገምተውም። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ከበሩ ላይ መጠባበቅ ጀመሩ። ሴቶቹ ግን ገና ሥራ ላይ ነበሩ። የልጅ ጨርቅ ይቀይራሉ፤ የተረፈውን በሶ ይቋጥራሉ፤ ጀሪካኑን ወዝወዝ አድርገው የቀረውን ውሃ ይገምታሉ፤ የተኛውን ሕፃን ሳይቀሰቅሱ በአንቀልባ ያዝላሉ። «ሴት ስትነሣ ፀሐይ ትወጣለች» አለ አንዱ ጎልማሳ እየሳቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም፤ ሁሉም እጃቸው ተይዟል።

ውድ አንባቢያት፣ የላሊበላን ገና የማያውቅ የለም። በታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችን ልደት ከንጉሥ ላሊበላ ልደት ጋር አብሮ ይከበራል። በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ከፍታ ላይ ካህናቱ ተሰልፈው ቤዛ ኵሉ ሲዘምሩ፣ ከታች ነጭ የለበሰው ሕዝብ ሲያሸበሽብ በፎቶግራፍም በቴሌቪዥንም አይተናል። ከአንድ ዐለት ስለ ተፈለፈሉት አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናትም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ስለ መመዝገባቸውም ብዙ ተነግሯል። መንገዱን ልጅ አዝለው ስለሚሄዱት እናቶች ግን የተባለው ጥቂት ነው። ያን ዕለት አብረናቸው የተጓዝነውም ስለዚሁ ነበር።

ጓደኞቻችን አሥራ ሰባት ነበሩ፤ ሰባቱ ሴቶች። ከሰቆጣ ዙሪያና ከዳህና በኩል የመጡ ሲሆኑ፣ መንገድ ላይ የተገናኙ እንጂ ከቤታቸው አብረው የወጡ አይደሉም። እርስ በርስ ሲጫወቱ ኽምጣኛ ይናገራሉ፤ ለእኛ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመልሱታል። በመኪና መሄድ እየተቻለ ለምን በእግር እንደ መጡ ጠየቅን። አንዷ የመሳፈሪያ ገንዘብ እንደሌላት ሳታፍር ነገረችን። ሌላዋ «በእግሬ ብዬ ነው የተሳልሁት፤ በመኪና ብሄድ የነዳሁት ሾፌሩ ነው» አለችንና አሳቀችን።

ስንቁ የሴቶቹ ጉዳይ ነው። የገብስ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሽምብራና የስንዴ ቆሎ፣ ለመጠጥ የሚበጠበጥ የተወቀጠ ተልባ። ከቤት ሲወጡ ለስንት ቀን እንደሚበቃ አስልተው የቋጠሩት ነው፤ ታዲያ መንገድ ላይ ስንቁ ያለቀበት ሰው ይቀላቀልና ስሌቱ ይፈርሳል። ይህን ሲነግሩን ግን እንደ ሸክም አልነበረም። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት በመሆኑ ወተትና ቅቤ የለም። ከመንገደኞቹም ብዙዎቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም።

ዳገቱ ላይ አምስት ሰዓት ሲሆን የሆነው እንዲህ ነው። የስምንት ወር ወንድ ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት እናት ወደ ኋላ መቅረት ጀመረች። ፊቷ ነጥቷል። ከአንዲት የወይራ ዛፍ ሥር ቁጭ አለችና ልጁን ጡት አጎረሰችው፤ ልጁ ግን ጠብቶ ጠብቶ ያለቅሳል። ከመንጋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ከእኛ ጋር የነበሩት ባልቴት ዘንቢላቸውን አውርደው በሶ በጥብጠው አቀረቡላት።

«አልችልም እማማ፤ ስለት ነው» አለች። ከዚህ ልጅ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታል። «ይህን ከሰጠኸኝ ጾሜን ሳልሽር በእግሬ እመጣለሁ» ብላ ተስላ ነበር።

ባልቴቷ አልተቆጡም። አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ እየተንፏቀቁ የመጡትን ሁሉ እያሳለፉ፣ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ በዚህ መንገድ ሳይሆን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኮረም የወሰዳቸውን መንገድ አጫወቷት። እርዳታ እዚያ አለ ተብሎ አገሩ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝለው ነበር። «ጡቴ ደረቀ። ልጁ ዝም ሲል የተኛ መሰለኝና እግሬን አፋጠንሁ። ዝም ያለበትን ሰዓት እስከ ዛሬ አላውቀውም። ያኔ እህል የለም። አሁን እህል በእጄ ይዤ ልጅ ሲያለቅስ አላይም።»

ወደ ፊት ሄደው የነበሩት ቄስ በሰው ተጠርተው ተመለሱ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ፣ ሕፃናትና ሕሙማን፣ እርጉዞችና የሚያጠቡ እናቶች በጾም እንደማይገደዱ ነገሯት። «ስለትሽ መምጣትሽ ነው፤ እየመጣሽ ነው። ቀሪውን በእኔ ላይ ጣይው» አሏት። ወጣቷ ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስባ፣ ፊቷን ወደ ዛፉ አዙራ ጠጣች። ባልቴቷ ዘንቢሉን ያነሡት ጣሳው ባዶ መሆኑን አይተው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አልወደድንም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተሰየመው በዚችው ከተማ ስም ነው። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከጡት ሌላ ተጨማሪ ምግብ ይሻል፤ የምታጠባ እናትም ከወትሮዋ አብልጣ መብላት አለባት። በጾም ወራት ግን ሕፃኑ ራሱ ሳይገደድ ይጾማል። ድስቱና ማንኪያው በወተት እንዳይነካ እየተባለ ወተቱም እንቁላሉም ይቀርበታል፤ የሥነ ምግብ ባለሙያዎችም ይህንኑ አስተውለዋል። ከጓዳችን አንዲት ትንሽ ድስት ለልጁ ብቻ ብትለይ የሚጎዳ ጾም ያለ አይመስለንም። ይህን ለመንገደኞቹ ስናነሣ፣ ከሰቆጣ የመጣችው ሴት ቤቷ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣሳ እንዳላት ነገረችን፤ «አማቴ አይወዱትም» ስትል ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቁልቁለት ነበር። ጉልበት ለታመመ ከዳገት የባሰ ነው። የኮንጎ ጫማ የላጠውን ተረከዝ በጨርቅ እያሰሩ፣ ልጁን ተራ በተራ እያዘሉ ወረዱ። ወሬውም ወደ ጦርነቱ ዘመን ዞረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣንም ላሊበላንም አዳርሷል። የ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ሲጋመስ ላሊበላ ከተዋጊዎች እጅ ከወጣች ጥቂት ሳምንት እንኳ ሳይሞላት ገና ደረሰ፤ ሕዝቡም መጥቶ አከበረ። ጎልማሳው ያን ዓመት ሄዶ እንደ ነበር ሲያወራ፣ ሴቶቹ እነርሱ ቤት ጠባቂ ሆነው መቅረታቸውን አስታወሱት።

ብልባላ ለመድረስ ገና መንገድ ሲቀረን መሸ። ከመንገድ ዳር ያለች አንዲት ባለቤት በሯን ከፍታ «ግቡ፣ ግቡ» አለች። ቤቷ ጠባብ ነው። ሰባቱን ሴቶች ከነልጆቻቸው አስገባች፤ ወንዶቹ በረት ዳር ገለባ ላይ ተቀመጡ። ውሃ በምድጃው ላይ አሙቃ፣ በገበቴ አድርጋ፣ ከታላቂቱ ጀምራ እግር ማጠብ ያዘች። ባልቴቷ «መጀመሪያ የልጁን እናት» ብለው እግራቸውን ሰበሰቡ።

ወጣቷ እናት እግሯን ዘረጋች። ተረከዟ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል። ውሃው ሲነካት ዓይኗን ጨፈነች እንጂ ምንም አላለችም። ልጁ ከባልቴቷ ጭን ላይ ሆኖ የገበቴውን ውሃ በእጁ ለመንካት ይታገል ነበር። ቆየት ብላ፣ ነገ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ ጠየቀች። «አሥር ሰዓት» አሉ ባልቴቷ፤ «አንቺ ግን ከመነሣትሽ በፊት ትበያለሽ።»