እስከ እትብቱ የሚደርስ መርፌ

ሾተላይ አለባት የምትባል እናት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ልጇን በደህና ትገላገላለች። ተከታዮቹ ግን በማህፀን ይጠፋሉ፤ አለዚያም ሰውነታቸው ቢጫ ሆኖ ተወልደው በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ሐኪሞች ምክንያቱን ያውቁታል፦ ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ እናት አካሏ የፖዘቲቭ ፅንሷን ቀይ የደም ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠፋቸዋል።

ፅንስን በማህፀን ሳለ የማከም ጥረት ፍሬ ያየው በዚሁ በሽታ ላይ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ሊሊ በራጅ እየተመራ፣ በእናቲቱ ሆድ በኩል መርፌ አስገብቶ በደም ማነስ ሊሞት ለተቃረበ ፅንስ ደም ሰጠ። ዛሬ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ መርፌውን እትብቱ ውስጥ ካለው የደም ሥር ያደርሳል። ፅንሱ ከተወራጨ መርፌው ይስታል። ደሙም ብዙ ጊዜ ኦ ኔጌቲቭ፣ ከእናቲቱ ደም ጋር መስማማቱ የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ ሕክምናው እስከ ወሊድ በየጥቂት ሳምንቱ ይደጋገማል። አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ መጀመሩ ታላቅ እርምጃ ነው።

ማህፀን የሚከፈትበት ቀዶ ሕክምና ከዚህ እጅግ ይከብዳል። በ1981 እ.ኤ.አ. ማይክል ሃሪሰን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሽንቱ መውጫ ያጣ ፅንስ ላይ ሞከረው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ አከርካሪያቸው ሳይገጥም የቀረ ፅንሶችን አነጻጸረ። ጭንቅላት ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ የሚያስወጣ ቱቦ ከተወለዱ በኋላ ከታከሙት 82 በመቶውን ሲያስፈልጋቸው፣ በማህፀን ከታከሙት ግን ያስፈለጋቸው 40 በመቶው ብቻ ነበሩ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፦ ብዙዎቹ ያለጊዜያቸው ተወለዱ፣ የእናቶቹም ማህፀን ጠባሳ ቀረበት። ቀዶ ሕክምናው ከ26ኛው ሳምንት በፊት መደረግም ነበረበት። የመጀመሪያ አልትራሳውንዷን ዘግይታ ለምታገኝ እናት ይህ ቀን ሳይታወቅ ያልፋል።

ከማጂ ተራሮች ወርዳ ሚዛን አማን የምትደርስ ነፍሰ ጡር በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ልትታይ ትችላለች። እትብት ላይ ለሚደረገው ሕክምና ግን አዲስ አበባ ገና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራታል፤ በየጥቂት ሳምንቱ መመላለስ ደግሞ ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ ለእርሷ ትልቁ ነገር በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የደም ዓይነቷ መታወቁ ነው። አካሏ ፅንሱን ማጥቃት ሳይጀምር አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ በ28ኛው ሳምንትና ፖዘቲቭ ልጅ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሰጣት የሚቀጥለው ፅንስ ደም መቀበል በአብዛኛው አያስፈልገውም። ፅንሱ ቢጨናገፍባትም መርፌው ሊያስፈልጋት ይችላል፤ ቤቷ ውስጥ ወርዶባት ለማንም ካልተናገረች ግን የሚያስታውስላት የለም።