ከዓባይ ዳር እስከ ላስታ፦ ረጋ ያሉት የምርመራ ልቦለዶች

ፕሬሸስ ራሞትስዌ ሽጉጥም የፖሊስ ማዕረግም የላትም። አባቷ በደቡብ አፍሪካ ማዕድን ማውጫ ለፍቶ ያፈራቸውን ከብቶች ወረሰች፤ እነሱን ሸጣ በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ፣ ከአንድ ኮረብታ ሥር የምርመራ ቢሮ ከፈተች። የመጀመሪያ ደንበኞቿ ከሆኑት አንዷ፣ «አባትሽ ነኝ» ብሎ ቤቷ የገባ ሰው ያሳሰባት ሴት ናት። ራሞትስዌ የነርስ ልብስ ለብሳ ወደ ሰውዬው ሄደችና ልጁ አደጋ እንደደረሰባት፣ ሕይወቷን ለማዳን የእሱ ደም እንደሚያስፈልግ፣ ደሙን ሲሰጥ ግን ሊሞት እንደሚችል ነገረችው። ሰውዬው ወዲያው አባትነቱን ካደ። ከንጉሥ ሰሎሞን ፍርድ ጋር ላደገ አንባቢ ዘዴው እንግዳ አይሆንበትም።

ራሞትስዌ የምትገኝበት ልቦለድ ደራሲ አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ነው፤ ተከታታዩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ዚምባብዌ ውስጥ በቡላዋዮ የተወለደውና በቦትስዋና ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተማረው ይህ ሰው ቦትስዋናን በደንብ ያውቃል፤ ሻዩን፣ ሰላምታውን፣ የከብቱን ክብር ሁሉ በታሪኩ ውስጥ አስገብቶታል። መጻሕፍቱን ያነበቡ ሰዎች ጋቦሮኔን ለማየት የሚመጡትም ለዚህ ነው።

የዚህ ዓይነት ልቦለድ ጠባዩ ይታወቃል። ደም አይረጭም፤ ጭካኔ ቢኖርም ከመጋረጃ በስተጀርባ ነው። መርማሪው አብዛኛውን ጊዜ ተራ ሰው ነው፤ የሚሠራውም ሰዎች እርስ በርስ በሚተዋወቁበት ጠበብ ያለ ስፍራ ነው። አንባቢው ከጥርጣሬው ጋር አገሩን ይጎበኛል፣ በመጨረሻም እውነቱ ወጥቶ ሰፈሩ ወደ ሰላሙ ይመለሳል።

መንገዱን ቀድማ የጠረገችው አጋታ ክርስቲ ናት። ከአርኪዮሎጂ ባለሙያው ባለቤቷ ጋር በኢራቅና በሶርያ ቁፋሮዎች ብዙ ወቅት አሳልፋለች፤ በበረዶ የተያዘ ባቡርን (እ.ኤ.አ. 1934) እና በዓባይ ላይ የሚንሳፈፍ መርከብን (1937) የግድያ ስፍራ አድርጋለች። ባቡሩም መርከቡም የተመረጡት ለውበታቸው ብቻ አይደለም። ማንም እንደልቡ ወርዶ ስለማይሄድ፣ ወንጀለኛው በዚያው ከተሳፈሩት መካከል መሆን አለበት።

በአማርኛ የምስጢር ታሪክ ከቦታ ጋር ሲጣመር ብዙ ጊዜ ወደ ስለላ ያዘነብላል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አስመራን፣ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣና ገዳማትን ይዘዋል። ሁለቱም ጉዳያቸው አገርና መንግሥት ነው፤ በመንደር ደረጃ ረጋ ብሎ የሚፈታ ምስጢር ሌላ ትንፋሽ ይጠይቃል።

ላስታ ለዚህ የተመቸ ነው። ላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉት፤ አንዱን ከሌላው በዋሻና በጠባብ መተላለፊያ የሚያገናኙ መንገዶችም አሉ። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ነአኩቶ ለአብ ደግሞ በዋሻ ሥር የተሠራ ነው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገበታ ተጠራቅሞ ጠበል ይሆናል። በትውፊት የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ በሆነው ንጉሥ ስም የሚጠራው ይህ ገዳም መስቀሎችን፣ ዘውዶችንና የብራና መጻሕፍትን ይዟል፤ እንግዳ ሲመጣም ካህኑ አውጥቶ ያሳያል።

ለእንዲህ ያለ አገር ግድያ አያስፈልግም፤ ስርቆት ይበቃል። ለዚህም እውነተኛ ምሳሌ አለ። በ1989 ዓ.ም አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል ከቤተ መድኃኔዓለም ተሰረቀ። ቤልጂየም ውስጥ በአንድ ሰብሳቢ እጅ ተገኘ፤ ሰውዬው የከፈለው 25,000 ዶላር ተመልሶለት፣ ከስርቆቱ አራት ዓመት ያህል በኋላ መስቀሉ ወደ ላሊበላ ገባ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የጠፋው ነገር የሚያለቅሱለት ሰዎች አሉት፤ ሲገኝም የሚደሰተው መርማሪው ብቻ ሳይሆን አጥቢያው በሙሉ ነው። ላስታን በዚህ መንገድ የሚጽፍ ደራሲ ትልቁ ሀብቱ ይህ ስሜት ይሆንለታል።

መርማሪዋ በጠበሉ መንገድ ላይ ቡና የምታፈላ እናት ብትሆን ታሪኩ ይሠራል። ማን በየትኛው ቀን እንደመጣ፣ ማን ሳይሳለም እንደተመለሰ፣ የትኛው አስጎብኚ ከየትኛው እንግዳ ጋር ሁለት ጊዜ እንደታየ ታውቃለች። ከገበዙ ጋር ተቀምጣ የምትጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄም ግልጽ ነው፤ ዕቃው መጨረሻ የወጣው ለማን ለማሳየት ነበር?