ለዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ፈጣን ኤስኤስዲ ሲገዛ ሊፈተሹ የሚገባቸው ነጥቦች

በአሁኑ ወቅት በርካታ ዜጎች የንግድ መዝገቦቻቸውን፣ የትምህርት ማስረጃዎቻቸውንና ለተለያዩ አገልግሎቶች የሚያቀርቧቸውን ሰነዶች በኮምፒዩተር ያስቀምጣሉ። በመሆኑም የማከማቻው ጥራት የባለቤቱን ጊዜና ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሊተካ የማይችል ሰነዱንም ይመለከታል። ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ተመራጭ እየሆነ የመጣው ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ መረጃን በኤሌክትሮኒክ ቺፕ ላይ የሚይዝ ማከማቻ ነው። ይሁን እንጂ በማሸጊያው ላይ ጎልቶ የሚታየው የፍጥነት አኃዝ ብቻውን ስለ ዕቃው የተሟላ ግንዛቤ አይሰጥም።

ለአብነት እ.ኤ.አ. በ2020 ለገበያ የቀረበው ባለ 1 ቴራባይቱ ሳምሰንግ 980 ፕሮ ተወስዷል። ምርቱ የተጠቀሰው ለማብራሪያ ብቻ ሲሆን ከሌሎች ምርቶች ለማስበለጥ አይደለም።

1. ከኮምፒዩተሩ ጋር መጣጣም

ይህ ኤስኤስዲ 22 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በማዘርቦርዱ ላይ ኤም.2 ተብሎ በሚጠራው ማስገቢያ ይገጠማል። በመጀመሪያ መረጋገጥ ያለበት ማስገቢያው መኖሩና ኤንቪኤምኢ የተባለውን አሠራር መቀበሉ ነው። አንዳንድ የኤም.2 ማስገቢያዎች ሳታ የተባለውን የቀድሞ አሠራር ብቻ ስለሚቀበሉ ይህ ዕቃ አይሠራባቸውም።

አምራቹ የሚጠቅሰው ከፍተኛ የንባብ ፍጥነት በሰከንድ 7,000 ሜጋባይት ነው። ይህ የሚገኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሲሆን፣ በ3.0 ላይ ፍጥነቱ ወደ 3,500 ሜጋባይት ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ተጠቃሚ ሊያገኘው ለማይችለው ፍጥነት ተጨማሪ ዋጋ እንዳይከፍል የማዘርቦርዱን መመሪያ አስቀድሞ መመልከት ይኖርበታል።

2. የፍጥነት አኃዞች ትርጉም

ከላይ የተጠቀሰው አኃዝ ትልቅ ፋይል በተከታታይ በሚነበብበት ጊዜ የሚታይ ነው። ኮምፒዩተር ሲከፈት ወይም የጽሑፍ ሰነድ ሲጀመር ግን በአብዛኛው የሚነበቡት በየቦታው የተበታተኑ ጥቃቅን መረጃዎች ናቸው። አምራቹ እንደሚገልጸው ዕቃው ባለ 4 ኪሎባይት መረጃዎችን አንድ በአንድ ሲያነብ በሰከንድ እስከ 22,000 ጊዜ ያነባል፤ ይህም ወደ 90 ሜጋባይት ገደማ መሆኑ ነው። ለዕለታዊ የቢሮ ሥራ በሳታ ኤስኤስዲና በዚህ ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት አኃዙ ከሚያመለክተው እጅግ ያነሰ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ጥራት ያለው ኤስኤስዲ የሚደረግ ለውጥ ግን ወዲያውኑ ይስተዋላል።

የመጻፍ ፍጥነትም እንዲሁ ገደብ አለው። የተጠቀሰው ዕቃ በሰከንድ እስከ 5,000 ሜጋባይት የሚጽፈው እስከ 114 ጊጋባይት የሚደርሰው ፈጣን ክፍሉ እስኪሞላ ድረስ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ወደ 2,000 ሜጋባይት ይወርዳል። ዕቃው ከመጠን በላይ ሲሞቅም ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ በተለይ በቪዲዮ ማቀናበር ሥራ የተሰማሩ ተጠቃሚዎችን ይመለከታል።

3. የአገልግሎት ዘመንና ዋስትና

ኤስኤስዲ ሊጻፍበት የሚችለው የመረጃ መጠን ውስን ነው። ለዚህ ዕቃ የተሰጠው ዋስትና 5 ዓመት ወይም 600 ቴራባይት ሲሆን፣ ቀድሞ በደረሰው ያበቃል። በቀን 50 ጊጋባይት የሚጽፍ ተጠቃሚ 600 ቴራባይት ለመሙላት ከ32 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በመሆኑም ለአብዛኛው ተጠቃሚ ከመጻፍ ገደቡ ይልቅ የዕቃው ትክክለኛነት የበለጠ አሳሳቢ ነው።

4. ከግዢ በኋላ የሚደረግ ፍተሻ

ገዢው የዕቃው መለያ ቁጥር የሰፈረበት ደረሰኝ መቀበልና ለመመለስ ወይም ለመቀየር የተሰጠውን የጊዜ ገደብ ከሻጩ ማረጋገጥ ይገባዋል። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የሚከተሉትን ማከናወን ይመከራል፦

ሀ) ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ዕቃው የሠራበትን ሰዓትና የተጻፈበትን መጠን መመልከት። አዲስ በተባለ ዕቃ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር የሥራ ሰዓት ከታየ ቀደም ሲል አገልግሎት ላይ የዋለ መሆኑን ያመለክታል።

ለ) በክሪስታል ዲስክ ማርክ ፍጥነቱን መለካት። ከፍላሽ ወይም ከሃርድ ዲስክ ፋይል በመቅዳት የሚደረግ ሙከራ የሚያሳየው የዘገየውን ዕቃ ፍጥነት በመሆኑ ለዚህ ዓላማ አያገለግልም።

ሐ) የመያዣ መጠኑን ማረጋገጥ። 1 ቴራባይት በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ መታየቱ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ ጉድለት አይደለም።

መ) በአምራቹ ሶፍትዌር ፈርምዌሩን ወቅታዊ ማድረግ።

5. ማሳሰቢያ

የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ባትሪ ስለሌለው ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ ያለ መረጃ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለሆነም ዩፒኤስ መጠቀም ይመከራል። ከዚህም በላይ ከኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ፋይል በአብዛኛው መልሶ አይገኝም። ኮምፒዩተሩ ባዶ የሆነውን ቦታ ለኤስኤስዲው ስለሚያሳውቅ መረጃው ብዙም ሳይቆይ ሙሉ በሙሉ ይጸዳል። በሃርድ ዲስክ ዘመን በጥገና ባለሙያ ይመለስ የነበረው ፋይል በኤስኤስዲ ላይ ተመሳሳይ ዕድል የለውም። የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አንድ ማከማቻ ብቻውን መተማመኛ ሊሆን እንደማይችል በመገንዘብ፣ አስፈላጊ ሰነዶችን ቢያንስ በአንድ ሌላ ማከማቻ ቀድቶ ማስቀመጥ ይገባል።